ይሰፋል

በፔርም፣ ከቴአትሩ ሥር፣ መስኮት በሌለው ምድር ቤት፣
ቱቱ እንደ ሌሊት ወፍ ተዘቅዝቆ ነው የሚያድር፤
ቀጥ አድርገህ ከሰቀልከው ቱሉ ይከብደዋል፣
እንደ ደከመ ክንፍ ይረግባል ከዳር እስከ ዳር።

ይህን ያስተማረችኝ ፋይና ልቮቭና ናት፣
አፏ ስፒል ሞልቶት፣ በቅንድቧ የምታዝ፤
አሥራ ሁለት ንብርብር፣ በመሀል የብረት ሽቦ፣
አሥራ ሁለት ጊዜ ጣቴ ተወግቶ ሲያብጥ፣ ሲደነዝዝ።

ዘጠና ሦስት ነው። ጠዋት ዳቦ የገዛ ሩብል
ማታ ክብሪት አይገዛም፤ ደመወዛችንም ቀረ፤
በምትኩ ከፋብሪካ የጎማ ቦቲ መጣልን፣
ለእያንዳንዳችን ሁለት ሁለት፣
ሁሉም የግራ እግር ነበረ።

ስታርች ከሱቅ ሲጠፋ ፋይና ድንች ተሸክማ መጣች፤
ላጥነው፣ ፈቀፈቅነው፣ በሻሽ ጨመቅነው፤
ነጩ ዝቃጭ ሲረጋ ቱሉን ነከርንበት።
ድንቹን እኛ በላነው፣
ውሃውን እነሱ ለበሱት።
በዚያ የበረዶ ወራት ስንቷ ልዕልት
በፍቅር ተቃጥላ መድረክ ላይ ሞተች፣
እስከ ሦስተኛው ረድፍ ሾርባ ሾርባ እየሸተተች።

በቀበቶው ውስጥ በኩል፣ በማይለቅ ቀለም፣
የለበሰችው ሁሉ ስሟ ሰፍሯል፤
ስትሄድ ይሰረዛል፣ ከሥሩ ሌላ ይገባል።
ኔሊ፦ ተሰርዟል። የመርከብ መካኒክ አግብታ ሙርማንስክ።
ቶሚላ፦ ተሰርዟል። ጉልበቷ።
ዛሬማ፦
ዛሬማ ገበያ ናት፣ የቱርክ ሹራብ ትሸጣለች፤
በረዶው ላይ ስትቆም ግን አሁንም
ተረከዟ ተገጣጥሞ፣ ጣቷ ወደ ውጭ ነው።
እሷን የሚሰርዛት እጅ ጠፋ።

መንጠቆዎቹ የሁሉን ገመና ያውቃሉ፤
በየወሩ አንድ ጣት ወደ ውስጥ ተጉዘዋል።

እኔማ በዘጠኝ ዓመቴ ለፈተና ቆሜ
ሰውዬው ከቁርጭምጭሚቴ ጀምሮ አየኝ፣
ጉልበቴን ሳያልፍ «ቀጣይ!» አለኝ።
ባቴ የጫኝ፣ ትከሻዬ የቀዛፊ፤
እጄ ቱቱን ያውቀዋል፣ ወገቤ አያውቀው።

ሮዲዮን መጣ፣ የዓይን ሐኪሙ ልጅ፣ ፀጉሩን አረንጓዴ ነክሮ፤
«የመዋኛ ገንዳው ከደረቀ ዓመት አለፈው፤
ቅዳሜ ሌሊት እዚያ ነን፤ ከሞስኮ ካሴት መጥቷል።»
የተሰረዙትን ስሞች የያዘውን አሮጌውን አወረድኩ።
ከካፖርቴ ሥር ታጠፍ ብለው እምቢ አለ፤
ትራም ውስጥ ሦስት ወንበር ይዞ፣
እንደ ባለሥልጣን ተጓዘ።

«ጥልቀት ሦስት ሜትር» ከሚለው ጽሑፍ ሥር ቆምኩ፣
ሁለት የግራ ቦቲ አጥልቄ።
ከበሮው የማሽን ነው፣ ልብ የለውም፣
የእኔን ተበድሮ መታው።
ተመልካች የለ፣ መጋረጃ የለ፤
መቶ ሰው በባዶው ገንዳ፣ ውሃው እኛ ሆንን።
ሐምራዊ መብራት ሲያርፍበት ቱሉ ከእኔ ቀድሞ በራ፤
ላቤ ሲወርድ ስታርቹ ለቀቀ፣
የድንች ውሃ በባቴ ተንጠባጠበ።
አንዲት የማላውቃት ልጅ ጫፉን ይዛ
«ምንድን ነው ይሄ?» ብላ ጮኸች።
«ሥራዬ ነው!» አልኳት።
አልሰማችኝም። ሳቀች።

ሰኞ ጠዋት ተመልሶ ተዘቅዝቋል፤
ጎኑ ተቀዷል፣ ሽቦው ጎብጧል፣
የሲጋራ ቀዳዳ አንድ፣ ምናልባት ሁለት።
ፋይና ስፒሎቹን አንድ በአንድ ከአፏ አወጣች፤
ሰባት ናቸው፣ ቆጠርኳቸው።
«የትኛው መንጠቆ ላይ ያዘሽ?»
«አልያዘኝም። በክር አሰርኩት።»
ቅዳጁን በጣቷ ለካች፣
ወገቤን በዓይኗ፤
«ይሰፋል» አለች፣
ስፒሎቹን መልሳ ጎረሰች።